ማዕዘን የሌለው ቤት እንዴት ይደራጃል?

በዚህ አምድ ስለ ቤት አያያዝ ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው አራት ማዕዘን ያለው ቤት ነው። አልጋው ከአንደኛው ማዕዘን ይጠጋል፤ ቁም ሳጥኑ ከሌላው ማዕዘን ይቆማል፤ ቡፌው ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። ቤቱም ዕቃውም ማዕዘን ስላላቸው ይስማማሉ። ይሁን እንጂ ከአገራችን ሕዝብ ብዙው ተወልዶ ያደገው በክብ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ በደሴ፣ በወልዲያ ወይም በአዲስ አበባ በቢሮና በፋብሪካ ከምትሠሩት መካከል እናትና አባታቸው እስካሁን በክብ ጎጆ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱ የብረት አልጋ ወይም ሶፋ አስጭናችሁ ወስዳችሁ፣ ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ከግድግዳው ጋር አልገጥም ብሎ መሐል ቤት ተገትሮ ሲቀር አይታችሁ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው ንግግር የታወቀ ነው። «ይህ ቤት አይሆንም፤ ይፍረስና አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት እንሥራ» ይባላል። ለአዲሱ ቤት እንጨት፣ ቆርቆሮና ሚስማር ይገዛል፤ ገንዘቡም ያልቃል። ቤቱ ሲያልቅ ግን እናት አሁንም በዚያው ጢስ ውስጥ ተቀምጣ ትጋግራለች፤ ልጆቹም አሁንም መሬት ላይ ይተኛሉ። የቤቱ ቅርጽ ተለውጦ የቤተሰቡ አኗኗር ሳይለወጥ ይቀራል ማለት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ከማፍረስ በፊት ሌላ መንገድ መኖሩን ማሳየት ነው። ለዚህም እንዲረዳን ሁለት ክብ ቤቶችን ጎን ለጎን እንመለከታለን። አንደኛው በፊንላንድ አገር በፋብሪካ ተሠርቶ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በላሊበላና በላስታ ደጋ የሚገኘው ባለደርብ የድንጋይ ጎጆ ነው።

ከፋብሪካ የወጣው ክብ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1968 ማቲ ሱሮነን የተባለ የፊንላንድ አርክቴክት «ፉቱሮ» የሚባል ቤት ነደፈ። ቤቱ መጀመሪያ የታሰበው በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች የዕረፍት ማረፊያ እንዲሆን ነበር። የሚቆምበት ቦታ ተዳፋትና ለመኪና የማይመች ስለነበረ፣ ቤቱ ቀላል፣ በቶሎ የሚገጣጠምና በቶሎ የሚሞቅ መሆን ነበረበት። ስለዚህ አርክቴክቱ ሲሚንቶና ጡብ ትቶ በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ፕላስቲክ መረጠ። ቤቱ ሁለት ሰፌድ አፍ ለአፍ ቢገጠሙ የሚኖራቸውን መልክ የያዘ ነው። ስፋቱ 8 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ነው። ቅርፊቱ 16 ክፍሎች ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣና በቦታው ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ወይም ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ በሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ ይወሰዳል። ከሥሩ የብረት ቀለበትና አራት እግሮች ስላሉት ተዳፋት መሬት ላይ ሳይደለደል ሊቆም ይችላል። መዝጊያው እንደ አውሮፕላን በር ወደ ታች ተከፍቶ ደረጃ ይሆናል።

ዘመኑ የሰው ልጅ ወደ ጨረቃ ለመሄድ የሚዘጋጅበት ስለነበረ ፉቱሮን ያየ ሁሉ «የነገው ቤት ይህ ነው» አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ በድንገት ሲንር ከነዳጅ የሚሠራው ፕላስቲክም አብሮ ተወደደ፤ የፉቱሮም ሥራ ቆመ። በጠቅላላው የተሠሩት ቤቶች መቶ አይሞሉም። ዛሬ በሕይወት የቀሩት በተለያዩ አገሮች ተበታትነው ይገኛሉ። አንዱ በፊንላንድ በኤስፖ ከተማ፣ ሌላው በኔዘርላንድ በሮተርዳም በሙዚየም እጅ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ተነቅሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ታድሶ በለንደን ለሕዝብ የታየም አለ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የዚህ ቤት ውስጡ ነው። አርክቴክቱ በክብ ቤት ውስጥ ማዕዘን ያለው ዕቃ እንደማይስማማ ያውቅ ስለነበር ዕቃውን ከቤቱ ጋር አብሮ ነደፈው። መቀመጫዎቹ ግድግዳውን ተከትለው የዞሩ ናቸው፤ ማታ ሲዘረጉ መኝታ ይሆናሉ። በመሐል ምድጃ አለ፤ ከበላዩም የጢስ መውጫ ተሠርቶለታል። ትንሽ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና አንድ ጠባብ መኝታ ክፍል ከዳር ተሰልፈዋል። መሐሉ ክፍት ነው።

ከ50 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ እነዚህን ቤቶች የያዙ ሰዎች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። አብሯቸው የመጣው ዕቃ በብዙዎቹ ውስጥ ተሰብሯል፤ ተጥሏል። ከሱቅ የሚገዛው ሶፋና መደርደሪያ ደግሞ አይገጥምም። ግድግዳው የዞረ ብቻ ሳይሆን ወደ ወለሉ ሲወርድ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ የቤቱ ስፋት 8 ሜትር ይባል እንጂ ወለሉ ከዚያ ያነሰ ነው። ሚስማር እመታለሁ ቢሉ ቅርፊቱ ይበሳና ዝናብ ያስገባል። ስለዚህ ገሚሶቹ ጥንት እንደነበረው መልሰው ሲሠሩ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ቅርፊቱን ጠብቀው ውስጡን ለዛሬ ኑሮ እንዲስማማ አድርገው ይለውጣሉ።

እዚህ ላይ እኛ እናቶች ልብ ልንል የሚገባን አንድ ነገር አለ። ፉቱሮ ሲነደፍ የታሰበው ለዕረፍት ቀን ነው። የወር ቀለብ የሚቀመጥበት፣ የልጅ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሽሮና በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ የለውም። ቤት ከውጭ ታይቶ ምንም ያህል ቢያምር ውስጡ በየቀኑ የሚሠራበትን ሰው ካላሰበ ድካም መጨመሩ አይቀርም።

የላስታ ባለደርብ ጎጆ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የላስታ ተራሮች አሉ፤ ከእነርሱም አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ቀኑ ፀሐያማ ሲሆን ሌሊቱ ብርድ ነው። መሬቱ ተዳፋት ነው። ዓለም ላሊበላን የሚያውቃት ከአንድ ወጥ አለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ሲሆን፣ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ግን ሌላ ቅርስ አለ። እርሱም ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ ተገንብቶ ሣር የለበሰው ባለደርብ ክብ ቤት ነው። የውጭ አገር ሰዎች «የላስታ ቱኩል» ይሉታል።

የዚህ ቤት አሠራር ብልሃት ያለበት ነው። ታችኛው ክፍል ለከብትና ለዕቃ፣ ላይኛው ለሰው ነው። ወደ ላይኛው የሚያደርሰው የድንጋይ ደረጃ ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል ይሠራል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የፀሐይን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። ከታች ያሉት ከብቶች ትንፋሽም ወደ ላይ ይወጣና ቤቱን ያሞቃል። ከግድግዳው ጋር መደብ ይዞራል፤ ከመሐል ምድጃ ይነዳል።

እንግዲህ ሁለቱን ቤቶች አስተያዩአቸው። ሁለቱም ክብ ናቸው። ሁለቱም ተዳፋት ላይ ለመቆም የታሰቡ ናቸው። ሁለቱም ብርድን ለመከላከል የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም መቀመጫውን ከግድግዳው ጋር አዙረው እሳቱን ከመሐል አድርገዋል። የፊንላንዱ አርክቴክት በስሌት የደረሰበትን የላስታ ግንበኛና የላስታ እናት በልምድ ቀድመው ደርሰውበታል። ልዩነቱ የፉቱሮ መቀመጫ ከተሰበረ ፋብሪካው ስለሌለ መተኪያው ጭንቅ ነው፤ የላስታ መደብ ግን ከተሰነጠቀ ጭቃ ተቦክቶ በማግስቱ ይለሰናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጎጆው እየተተወ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያቶች አሉ። ሣር ከብዙ ቦታ ጠፍቷል። ጣሪያው በየጊዜው መክደን ይፈልጋል። አይጥ ይገባዋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦችም ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ በመደረጉ፣ ከቀድሞዎቹ ቤቶች ሰው የማይኖርባቸው አሉ። ሰው ያልኖረበት ጎጆ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝና ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ላሊበላን ካገኛት ጦርነት ወዲህ ከእንግዳ ይገኝ የነበረው ገቢ ስለተጎዳ፣ አዲስ ቤት መሥራት ለብዙዎች ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ያለውን ቤት ከውስጥ ማደስ የቅርስ ፍቅር ብቻ ሳይሆን የኪስ ጉዳይም ነው።

ክብ ቅርጽ ከዘመን ጋር ሊሄድ እንደሚችል የላሊበላ ሰዎች በዓይናቸው ያዩት ምሳሌም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በከተማይቱ ጫፍ በገደሉ አፋፍ ላይ የተከፈተው ቤን አበባ ምግብ ቤት በሚጠማዘዙ መወጣጫዎችና በክብ ሰገነቶች የተሠራ ነው። የመሠረቱትም ሀብታሙ ባዬ የተባሉ የአገሩ ተወላጅና ሱዛን ኤቺሰን የተባሉ የስኮትላንድ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ሱዛን በአገራቸው የቤት አያያዝ መምህርት የነበሩ ናቸው። በመቄት ወረዳም በመቋት ማርያምና በሌሎች መንደሮች ገበሬዎች ክብ ጎጆዎችን ንጹሕ አልጋ እያነጠፉ የእግር ተጓዥ እንግዶችን ሲያስተናግዱበት ኖረዋል። ለእንግዳ የተመቸ ጎጆ ለባለቤቱስ ለምን አይመችም?

ከሁሉ በፊት ልክ መውሰድ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ክብ ቤትን ለማደራጀት የመጀመሪያው እርምጃ ልኩን ማወቅ ነው። አንድ ሲባጎ ከመሐሉ ምሰሶ አስራችሁ እስከ ግድግዳው ዘርጉትና በሜትር ለኩት። ለምሳሌ ያህል ከምሰሶው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ቢሆን የቤቱ ስፋት 5 ሜትር ነው ማለት ነው። የወለሉም ስፋት 19 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ የግድግዳው ዙሪያም 15 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ዙሪያ ልክ አራት ማዕዘን ቤት ብትሠሩ ግን የምታገኙት ወለል 15 ካሬ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። በአንድ ዓይነት የግድግዳ ርዝመት ክቡ ቤት 4 ካሬ ሜትር ያህል ይበልጣል። ይህም አንድ አልጋ ከነመተላለፊያው የሚይዘው ቦታ ነው። «ጎጆ ጠባብ ነው» የሚባለው አባባል እንግዲህ ከቅርጹ የመጣ አይደለም፤ ከአደረጃጀቱ ነው።

ቀጥሎ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ፈልጉና ወረቀት ላይ ደፍታችሁ በእርሳስ ዙሩት። ቤታችሁ 5 ሜትር ከሆነ በዚህ ሥዕል ላይ እያንዳንዱ 4 ሳንቲ ሜትር አንድ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ከአሮጌ ካርቶን ዕቃዎቻችሁን በዚሁ ልክ ቁረጡ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ አልጋ 7.6 በ4.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሩን፣ መስኮቱንና ምሰሶውን በሥዕሉ ላይ አመልክታችሁ ካርቶኖቹን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ሞክሩ። ልጆቻችሁም ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ወገብን ከሚያጎብጥ የዕቃ መጎተት ያድናል።

የአልጋና የቡፌ ነገር

ቀጥ ያለ ዕቃ ክብ ግድግዳ ላይ ሲጠጋ ከጀርባው ክፍተት ይቀራል። በላይ በተጠቀሰው ባለ 5 ሜትር ቤት አልጋውን በረጅም ጎኑ ብታስጠጉት፣ በመሐሉና በግድግዳው መካከል 19 ሳንቲ ሜትር ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ይቀራል። በራስጌው ብታስጠጉት ግን ክፍተቱ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ግርጌው ምሰሶው አጠገብ ይደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ሊቀመጥ የሚችለው አንድ አልጋ ብቻ ሲሆን፣ ቦታውም ከበሩ ራቅ ያለው ወገን ቢሆን ይመረጣል።

አልጋው በጎኑ የሚቀመጥ ከሆነ ያ የአንድ ስንዝር ክፍተት ባዶ አይቅር። ባዶ ከቀረ አቧራ፣ ትኋንና አይጥ ይከማችበታል። በአልጋው ከፍታ ልክ በድንጋይና በጭቃ ሞልታችሁ ብትለስኑት ፋኖስ፣ መጽሐፍና የሕፃን ጡጦ የሚቀመጥበት ጥሩ መደርደሪያ ይሆናል። ረጅምና ከባድ ቡፌ ግን ለክብ ቤት አይመከርም። በእርሱ ምትክ ወርዳቸው ከ60 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሁለት ሦስት ትንንሽ ሣጥኖች ጎን ለጎን ቢሰለፉ ከግድግዳው ጋር እየዞሩ ይሄዳሉ።

መደብን አትናቁት

ሶፋ ካልገባ ቤቱ ዘመናዊ አይሆንም የሚል አስተሳሰብ አለ። የፊንላንዱ አርክቴክት ግን ዘመናዊ የተባለውን ቤቱን ያስጌጠው በመደብ ነው ማለት ይቻላል። ከፍታው 45፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ የቤቱን ሩብ ዙሪያ ቢይዝ አምስት ሰው ሳይጨናነቅ ያስቀምጣል። ጥልቀቱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ ቀን መቀመጫ፣ ማታ የልጅ መኝታ ይሆናል። ከሥሩ እንደ መስኮት ክፍት ቦታ እየተተወ ቢገነባ ጫማ፣ ድስትና የእህል ቁና ይከተትበታል። ፍራሹን በጥጥ ወይም በገለባ ሞልታችሁ፣ ሽፋኑን እየወለቀ የሚታጠብ አድርጉት። ክብ መደብ ላይ ቀጥ ያለ አንድ ረጅም ፍራሽ ስለማይተኛ፣ በሁለት በሦስት ተቆራርጦ ቢሰፋ ይሻላል።

ቤቱን መከፋፈል

ወላጆችና ልጆች በአንድ ክፍል ሲያድሩ ገመና አይጠበቅም፤ ልጅም አያጠናም። ብዙ ሰዎች ይህን ችግር ለማስወገድ ክቡን ቤት መሐል ለመሐል በግድግዳ ይከፍሉታል። ይህ ስሕተት ነው። ሁለቱም ወገን ጨለማ ይሆናል፤ አንዱም ያለ መስኮት ይቀራል። ክብ ቤት የሚከፈለው ድፎ ዳቦ እንደሚቆረስ ነው። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ድረስ ሽቦ ወጥራችሁ መጋረጃ ብታደርጉበት፣ ቀን ተሰብስቦ ቤቱ ይሰፋል፤ ማታ ተዘርግቶ መኝታ ቤት ይለያል። መጋረጃው አቡጀዲ ቢሆንም ይበቃል። ቋሚ ግድግዳ የግድ ካስፈለገ ቁመቱ ከሰው ራስ ብዙም አይለፍ፤ ከበላዩ አየርና ብርሃን ይለፍ።

በሩ አጠገብ ያለው ቁራሽ ለእንግዳና ለቡና፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ለልጆች ጥናት፣ ከበሩ የራቀው ለመኝታ ቢሆን ይስማማል። ምሰሶውም ሥራ ፈቶ አይቁም። ከደረት በላይ ትንንሽ ጣውላዎች ዙሪያውን ቢመቱበት ስኒና መድኃኒት ከሕፃናት እጅ ርቀው የሚቀመጡበት ይሆናል።

ከሁሉ የሚብሰው የጢስ ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ምቾት ነው። አሁን የምናነሣው ግን ስለ ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት ከቤት ውስጥ ጢስና ከዚሁ በሚመጣ የአየር ብክለት ነው። ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ጢሱን በቅድሚያ የሚተነፍሱት ምድጃው ሥር የምትቀመጠው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። ስለዚህ ለቤት ማደሻ ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለምድጃው አውሉት።

ከሁሉ የሚሻለው ማብሰያውን ከመኖሪያው ለይቶ በጓሮ ትንሽ ወጥ ቤት መሥራት ነው። ይህ ካልተቻለ ምድጃው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ይጠጋና በግድግዳው በኩል የጢስ መውጫ ይበጅለት። በሣር ክዳን ውስጥ የብረት ቱቦ ማሳለፍ እሳት ስለሚያስነሣ ፈጽሞ አይገባም። እንጀራ ለመጋገር ሚርት ምድጃን የመሰለ ማገዶ ቆጣቢ መጠቀም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሚርት ራሱ በቅርጽ ተሠርቶ በቤት ውስጥ የሚገጣጠም፣ ክብ የሆነ የሲሚንቶ ሥራ ነው። ስለ ተገጣጣሚ ነገር ስናወራ ለኢትዮጵያ እናት ከፕላስቲክ ቤት ይልቅ የጠቀማት ይኸው ምድጃ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እንጨምር። አንደኛ፣ በደጋው ብርድ ምክንያት ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ገዳይ ነው። የከሰል መርዝ ጢስ የለውም፤ አይሸትም፤ ተኝቶ የነበረውንም ሰው ሳያነቃ ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ ጢስ ሣሩን ከነፍሳት የሚጠብቅበት ጠቀሜታ እንደነበረው መዘንጋት የለበትም። ምድጃው ከቤት ከወጣ በኋላ ክዳኑ ቶሎ ቶሎ መታየትና የተበላው ሣር መተካት አለበት። የእናት ሳንባ ግን ከሣር ይበልጣል።

ብርሃንና ደርቡ

የድንጋይ ጎጆ መስኮቱ ትንሽ፣ ውስጡም በጥላሸት የጠቆረ ነው። ጥላሸቱ ተፍቆ ግድግዳው በጭቃ ከተለሰነ በኋላ በኖራ ወይም በነጭ አፈር ቢቀባ ብርሃኑ ወዲያው ይታያል። መስኮቱን ለማስፋት ድንጋይ ከመንቀል በፊት ግን ግንበኛ አማክሩ። ብዙ ጊዜ የውጩን ቀዳዳ ሳይነኩ የውስጡን ከንፈር ወደ ሁለት ጎን ማስፋት ብቻ ይበቃል። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ ብርሃኑ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይገባል። መብራት የገባላችሁ ከሆናችሁ የኤሌክትሪክ ገመድ በሣሩ ላይ ተጋድሞ አይለፍ፤ በቱቦ ተሸፍኖ በግድግዳው ይውረድ።

በደርቡ ላይ የምትኖሩ ክብደትን ጠንቀቅ በሉ። የእህል ጎታና ሣጥን የሚቀመጠው ወራጆቹ ግድግዳው ላይ በሚያርፉበት በዳር በኩል ነው፤ መሐሉ ቀለል ማለት አለበት። የውጩ ደረጃ መደገፊያ ከሌለው የእንጨት አጥር ይሠራለት። ሕፃን ልጅ ባለበት ቤት ከላይኛው በር ላይ ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ ሁለተኛ መዝጊያ አስፈላጊ ነው።

ከብቶቹን በተመለከተ፣ ሙቀት ይሰጣሉ ብለናል። ነገር ግን ዝንብም ይስባሉ፤ ዝንብም የዓይን ማዝ፣ በተለይም ትራኮማን፣ ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል። ከተቻለ ከብቶቹ ራቅ ብሎ በተሠራ በረት ይደሩ። የሚቀረው ብርድ በደርቡ ወለል ላይ በሚነጠፍ ሰሌንና ቁርበት ይቻላል። የተለቀቀው ታችኛ ክፍልም ተጠርጎና ተለስኖ የእህል ማከማቻ ወይም የልጆች ማጥኛ ይሆናል።

ማን ይወስናል?

በመጨረሻ አንድ ግልጽ ነገር መነገር አለበት። የቤት ቦታ ሲመረጥ፣ ግንበኛ ሲጠራና ዋጋ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ወንዱ ነው። በውስጡ ከንጋት እስከ ምሽት የምትሠራው ግን ሴቷ ናት። ምድጃው የት ይሁን፣ መደርደሪያው ቁመቱ ምን ያህል ይሁን፣ እንስራው የት ይቀመጥ የሚለውን ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እናንተም ከከተማ ገንዘብ ልካችሁ የወላጆቻችሁን ቤት የምታሳድሱ ከሆነ ለግንበኛው ከመደወላችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ። «የት ላይ ትደክሚያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትመልሰው መልስ የቤቱ ፕላን ነው። ቤቱ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ የሚገኝ ከሆነም የውጩን መልክ ከመለወጣችሁ በፊት የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ።

ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት ወዲህ ቢሆን ልስኑ በደንብ ይደርቃል። ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ጢሱ፣ ቀጥሎ ብርሃኑ፣ ከዚያ መኝታውና ዕቃ ማስቀመጫው፣ በመጨረሻ ጌጡ። ከሰፌድና ከሞሶብ የሚሻል ጌጥ ለክብ ቤት አይገኝም፤ እነርሱም ክብ ናቸውና።

በፕላስቲክ የተሠራውን የፉቱሮ ቤት ከጥፋት ለማዳን ሰዎች ባሕር አሻግረው አጓጉዘውታል፤ ብዙ ገንዘብም አውጥተውበታል። የእኛው ክብ ቤት ግን የሚጠይቀው ጭቃ፣ ኖራ፣ ጥቂት ጣውላና የሁለት ሳምንት ትጋት ነው። በየቤታችሁ የሞከራችሁት ዘዴ ካለ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ለሌሎች እናቶች እናካፍላለን። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።